የምሥራቁ ቦይ ፍሬ

ሬዲዮው ወሬውን በተናገረባት ሰዓት በዙልሚራ ሎምባ አፍ ውስጥ ሦስት ጥሬ ክራንቤሪ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ የ1959 የምስጋና ቀን ሊደርስ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። ከባሏ እናት ከእማማ ቤንቪንዳ ጋር በመለያው ቤት ተቀምጠው ፍሬ ይለያሉ። ፍሬው ከላይ ይለቀቅና ሰሌዳው ላይ ይወድቃል፤ ደህናው እንደ ኳስ ነጥሮ ወደ ሣጥኑ ይገባል፣ የበሰበሰው መንጠር አቅቶት እዚያው ይቀራል። ዙልሚራ ከሚነጥሩት መካከል አንዳንዱን እየቀለበች ወደ አፏ ትልካለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሥጋ ሲሸታት ያጥወለውላታል፣ ዓሣማ ስሙም አይነሣባት፤ ይህ ጥርስ የሚያጠርስ ቀይ ፍሬ ግን በመስከረም መቅላት ከጀመረ ወዲህ ከአፏ ተለይቶ አያውቅም። ባሏ ፊርሚኖ «እንግዲህ ቀይ ልጅ ነው የምትወልጂልኝ» እያለ ይስቅባት ነበር።

ሬዲዮው የተናገረው እንዲህ ነው፤ ከሩቅ ምዕራብ በመጣ ክራንቤሪ ላይ የአረም መድኃኒት ተገኝቷል፤ መድኃኒቱን የበሉ አይጦች ካንሰር ወጥቶባቸዋል፤ ፍሬው ከየት እንደመጣ የማታውቅ የቤት እመቤት ዘንድሮ ባትገዛ ይሻላታል።

እማማ ቤንቪንዳ ከት ብለው ሳቁ። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በሸራ መርከብ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በካርቨር ረግረጎች ላይ በጉልበታቸው እየተንፏቀቁ ክራንቤሪ የለቀሙ ሴት ናቸው። አይጥ ምን ያልገደላት ነገር አለ፣ እኔ ይኸው በዚህ ፍሬ ሰባ ሁለት ሞላኝ፣ አሉና መለየታቸውን ቀጠሉ።

ዙልሚራ ግን አፏ ውስጥ የነበሩትን ሦስት ፍሬዎች በመዳፏ ላይ ተፋቻቸው። ያስደነገጣት አይጡ አይደለም፤ «አረም» የሚለው ቃል ነው። በሰኔ ወር አንድ ቀን ለፊርሚኖ ምሳ ይዛ ወደ ማሳው ወርዳ ነበር። በምሥራቁ ቦይ ዳር፣ በክራንቤሪው ሐረግ መካከል የበቀለው እንግጫ በሙሉ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ደርቆ አይደለም፤ ከነእርጥበቱ፣ ከነቁመቱ፣ ደም እንዳለቀበት ሰው ነጭ። ያኔ ውርጭ የመታው መስሏት አልፋ ሄደች። በሰኔ ደግሞ ምን ውርጭ አለ?

ዙልሚራ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ነበር። የመጀመሪያው በአራት ወሩ ወረደ። ሁለተኛው ስምንት ወር ቆይቶ ሳይተነፍስ ተወለደ፤ ወንድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀብሯል። ስለዚህ በሦስተኛው እርግዝና ወደ ሆዷ የሚገባውን ሁሉ እየመረመረች ነበር የምትኖረው። ወተቱን አፍልታ፣ ውሃውን አጥልላ፣ ከሰው ቤት ሳትበላ። ያልመረመረችው የራሷን ማሳ ፍሬ ብቻ ነው።

በእራት ሰዓት፣ አማቷ ሲነሡ ጠብቃ፣ እንግጫው ላይ ምን እንዳደረገበት ባሏን ጠየቀችው። ፊርሚኖ ሳህኑን እያየ እንደ ሁልጊዜው ነጭ ጋዝ ነው የረጨሁበት አላት። እሷ ደግሞ በጋዝ የተቃጠለ አረም እንደሚጠቁር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሳህኖቹን አነሣች። ጥያቄውን የተወችው አምናው አልነበረም፤ ሌላ ጥያቄ ብትጠይቅ ሌላ መልስ እንዳይመጣ ፈርታ ነው።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ተናወጠ። ሱቆች ክራንቤሪውን ከመደርደሪያ አወረዱ። ፍሬውን ሊጭን የሚመጣው መኪና ቀረ። በካርቨር መንገድ ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው ያው ነው። የእኛ ፍሬ ንጹሕ ነው፣ የምዕራቦቹ ጣጣ ነው ለኛ የተረፈው ይባባላሉ። ፊርሚኖም ከሰው ጋር ሲቆም እንዲሁ ይላል፤ ቤት ሲገባ ግን ስለ ፍሬው አያነሣም።

ረቡዕ ገበሬዎቹ ስብሰባ ተጠሩና ፊርሚኖ ሄደ። ዙልሚራ ካፖርቷን ደርባ ወደ ፓምፑ ቤት ወረደች። እዚያ ከፓምፑ ኋላ፣ በአሮጌ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ግማሹ የጎደለ የወረቀት ከረጢት አገኘች። ውስጡ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ነው። እጇን ሳታስነካ በእግሯ ጫፍ አዙራ ጽሑፉን አነበበችው። ከሌላው ሁሉ በደመቀ ፊደል «ከመከር በኋላ ብቻ» ይላል። መልሳ አነበበችው። ሰኔ ከመከር በኋላ አይደለም። በሰኔ ክራንቤሪው ገና ሊያብብ ነው።

ፊርሚኖ ሲመለስ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ከረጢቱን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ ዙልሚራ» አላት። «ሃያ ዓመት በሰው ማሳ፣ ስድስት ዓመት በራሴ፣ እንግጫ ስነቅል። አንዱን ስነቅል አሥር ይበቅላል። በሰኔ ካልረጨህበት ሥሩ አይሞትም አሉኝ። ያችን አንድ ጥግ ብቻ ነው የረጨሁት።»

«ጽሑፉን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ።»

ዙልሚራ ቀጥላ የጠየቀችውን፣ መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችው።

«የምሥራቁ ቦይ ፍሬ የት ገባ?»

ፊርሚኖ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አየ። የምሥራቁ ቦይ ፀሐይ ቀድሞ ያገኘዋል፤ ፍሬው በየዓመቱ ቀድሞ ይቀላል። ስለዚህ ለገበያ ሳይሆን ለቤት ተብሎ በጥርሳሙ የእንጨት ማፈሻ በእጅ ይለቀማል። አንዱ ቅርጫት ወደ ሎምባዎች ጓዳ ይገባል፣ ሌላው የአጥር ጎረቤታቸው ለሆኑት ለወይዘሮ ክሮስቢ ይሄዳል። ዙልሚራ ከመስከረም ጀምራ ያለ ዕረፍት የበላችው እሱን ነው።

«ስበላ እያየኸኝ፣ ፊርሚኖ? ቀይ ልጅ እያልክ እየሳቅህ?»

«መርዝ መሆኑን በምን ልወቅ? አረም ገዳይ ነው አሉኝ እንጂ ሰው ገዳይ ነው አላሉኝም።» ከዚያ እስከ ምስጋናው ቀን ድረስ አፏን እንድትይዝለት ለመናት። ከተናገረ ማሳው ይዘጋል፣ ፍሬው ሁሉ ጉድጓድ ይገባል፣ የጎረቤቶቹም ፍሬ በእሱ ሰበብ ይጠረጠራል፤ የካርቨር ሰው ሁሉ ሎምባ ነው ያስጨረሰን ይላል። በስብሰባው ላይ ሁሉም ንጹሕ ነን እያሉ ሲምሉ እሱም እጁን አንሥቶ ምሎ ነበር የመጣው።

ዙልሚራ ወደ ቤት ገባችና እጇን በሳሙና ታጠበች፤ እንደገና ታጠበች። ከረጢቱን በእጇ እንዳልነካችው ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት ሕፃኑ አልተንቀሳቀሰም።

ሌላ ቀን ገና ከአልጋ ሳትነሣ ነበር ጎኗን በእግሩ የሚደቁሳት። የዛሬው ዝምታ መጀመሪያ አልታወቃትም፤ እሳት አያይዛ፣ ውሃ ጥዳ፣ ዳቦ ስትቆርጥ ነው ድንገት ቢላዋው እጇ ላይ የቆመው። ሆዷን በመዳፏ ጫን አለችው። ምንም። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች። በግራ ጎኗ ተኛች። የግድግዳውን ሰዓት እያየች ስትቆጥር ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ከዚያ ሌላ ግማሽ። ሆዷ ከባድ ነው፤ እንደ ሸክም ብቻ። ያን ክብደት ታውቀዋለች። ያኛው ልጇ ሳይተነፍስ ከመወለዱ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ያለ ክብደት ተሸክማ ነበር፤ ደክሞት ነው፣ ተኝቶ ነው እያለች ራሷን እያታለለች።

እማማ ቤንቪንዳ የቀዘቀዘውን ምጣድ አይተው ወደ መኝታ ቤቱ መጡ። ዙልሚራ ግድግዳውን እያየች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እንግጫውን፣ ከረጢቱን፣ ሆዷን። አሮጊቷ ስለ አይጥ አልቀለዱም። እጃቸውን ሆዷ ላይ አኑረው ቆዩ፤ ከዚያ ከንፈራቸው ሲደርቅ አየች። እሳቸውም ፈሩ። ዙልሚራ በዘጠኝ ዓመት ትዳሯ አማቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም ነበርና፣ ከራሷ ፍርሃት ይልቅ የእሳቸው በረታባት።

አሮጊቷ በረንዳ ላይ ወጥተው ልጃቸውን ተጣሩ። ፊርሚኖ የጭነት መኪናውን አስነሣ። ሐኪሙ እስካሉበት እስከ ዌርሃም ከተማ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለ። ግራና ቀኙ ረግረግ ነው፤ መከር ያለፈበት የክራንቤሪ ሐረግ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መስሎ ተዘርግቷል። ዙልሚራ በየቦዩ ዳር የቆመውን ደረቅ ሣር እያየች ይህም ነጭ ነበር ይሆን ትላለች። ፊርሚኖ መሪውን አንቆ እንደ ያዘ በየመሃሉ ዘወር ይልና ያያታል። «ነቃ?» ብሎ መጠየቅ ፈርቷል። እሷም አልነቃም ማለት ፈርታለች።

ሐኪሙ አረጋዊ ናቸው፤ ያለፈውንም ያዋለዷት እሳቸው ነበሩ። ቀንድ የመሰለውን የእንጨት መስሚያ ሆዷ ላይ አድርገው ጆሯቸውን ደፉበት። ቆዩ። ወደ ግራ አዛወሩት። ቆዩ። ወደ ታች አወረዱት። ዙልሚራ የጣሪያውን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ተከተለችው፤ ስንጥቁ ሲያልቅ የሐኪሙን ፊት ማየት ሊኖርባት ነው። ያለፈው ጊዜ እንዲህ አጎንብሰው ቆይተው ቀና ሲሉ፣ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው ነበር።

ቀና አሉ። መነጽራቸውን አላወለቁም።

«ይመታል» አሉ። «ይፈጥናል፣ ግን ደህና ይመታል። ተኝቷል መሰለኝ።» ይህን ብለው ጎኗን በጣታቸው ቆንጠጥ ሲያደርጉት ሕፃኑ ተገላበጠ፤ ኃይለኛ መገላበጥ ነበር፤ ዙልሚራ ጮኸች። ፊርሚኖ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዞት ቆሟል።

ዙልሚራ ልብሷን ሳታስተካክል፣ ባሏ እየሰማ፣ ስለ መድኃኒቱ ሁሉን ተናገረች። በሰኔ የተረጨውን፣ ከመስከረም ጀምራ የበላችውን። ከዚያ ልጄን ይጎዳዋል ወይ ብላ ጠየቀች።

ሐኪሙ ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ። «አላውቅም ልጄ» አሉ። «የሚያውቅ ሐኪም ካለም እኔ አላገኘሁትም። አይጎዳውም ብልሽ ውሸት ነው፣ ይጎዳዋል ብልሽም ውሸት ነው። የማውቀው ልቡ አሁን እንደሚመታ ነው።»

ሲወጡ ፊርሚኖ መኪናውን ወደ ቤት አላዞረም። የመንግሥት የምግብ ተቆጣጣሪዎች ለዚሁ ጉዳይ ቢሮ ከፍተውበታል ወደተባለው ሕንፃ ነዳና፣ አንዴ ወደ እሷ ሳያይ ወርዶ ገባ። ዙልሚራ መኪናው ውስጥ ጠበቀችው። ሲመለስ ሁለት ሰዎች በሌላ መኪና ተከተሉት። ማሳው ደርሰው ከየሣጥኑ ለምርመራ ፍሬ ቀዱ፣ ከጓዳው ቅርጫት ቀዱ፣ ከምሥራቁ ቦይ ሐረግ ቆረጡ፣ ከረጢቱን በጓንት አንሥተው ወሰዱት። የመለያው ቤት በር ላይ ማንም እንዳይከፍት የሚል ወረቀት ለጠፉ። ጎረቤቶች ከመንገድ ማዶ ቆመው ያያሉ፤ አንዱም ሰላም አላለም።

አንድ ነገር ቀረ። የወይዘሮ ክሮስቢ ቅርጫት። ፊርሚኖ እኔ ልሂድ አለ፤ ዙልሚራ ቅርጫቱን በእጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ ብላ ሄደች።

ወይዘሮ ክሮስቢ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው በየዓመቱ የክራንቤሪ ማርማላታ የሚያበስሉ ሴት ናቸው። ዙልሚራ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቆማ የመጣችበትን ስትናገር እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርደው ቀይ ማርማላታ የሞላባቸውን ሰባት ብልቃጦች አንድ በአንድ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ዘጠኝ ነበሩ አሉ። ሁለቱን እሑድ ዕለት ሴት ልጃቸው ወስዳለች። ይህን ብለው ወደ ስልኩ ሄዱ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው ልጃቸው አነሣች። አንዱ ብልቃጥ ተበልቶ ነበር። ትንሹ ልጅ ነው ዳቦው ላይ እየቀባ የጨረሰው።

ወይዘሮ ክሮስቢ ስልኩን ዘግተው ዙልሚራን አዩአት፤ ሆዷንም አዩት።

«ሰኞ ልትመጪ ይገባሽ ነበር» አሏት።

«አዎ» አለች ዙልሚራ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የመጠባበቅ ናቸው። ዙልሚራ ሕፃኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትቆጥራለች፤ ሲቆይባት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ሲንቀሳቀስ ደግሞ እየተጣመመ ይሆን ትላለች። ከፊርሚኖ ጋር የሚነጋገሩት ጨው አቀብለኝ ለመባባል ያህል ነው። እሱ ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ ወደ ማሳው ይወርድና፣ የሚሠራው ሳይኖር፣ በምሥራቁ ቦይ ዳር ቆሞ ይውላል።

የምስጋናው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ዙልሚራ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ወረደና ነገራቸው። ከሣጥኖቹ በአንዱም መድኃኒቱ አልተገኘም። ከጓዳው ቅርጫትም፣ ከምሥራቁ ቦይ ሐረግም፣ መሣሪያው ሊያየው የቻለ ነገር የለም። ዝናብ አጥቦት ይሆናል፣ አፈር ውጦት ይሆናል አለ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀድዶ ኪሱ ከተተና መልካም በዓል ብሎ ሄደ።

እማማ ቤንቪንዳ አማተቡ። ፊርሚኖ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዙልሚራ ወደ ወይዘሮ ክሮስቢ ቤት ስትሮጥ፣ ካፖርትም አልደረበችም። ወይዘሮዋ በሩን ከፍተው ሰሟት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡና አመሰገኗት፤ ግቢ ግን አላሏትም። ወደ ቤታቸው ሊያስገቧት ፋሲካ ድረስ ቆዩ።

የምስጋናው ቀን ምሳ እንደ ሌላው ዓመት ነበር፤ የተጠበሰው ተርኪ ዶሮ፣ ባቄላና ሩዝ አብሮ የተቀቀለበት የደሴቶቹ ምግብ፣ የዱባ ኬክ። በመካከሉ እማማ ቤንቪንዳ የማሳቸውን ክራንቤሪ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን አቀረቡ፤ ከስኳርና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር አንተክትከው ያበሰሉት ነው። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ሁሉም ሳህኑን አየው፤ ማንም እጁን አልሰደደም።

ፊርሚኖ ጠቀም አድርጎ ቀድቶ በላ። በልቶ ሲጨርስ ደግሞ ቀዳ። ሚስቱን አላያትም።

«ግድ የለሽም፣ አትብዪ» አሏት እማማ ቤንቪንዳ በለሆሳስ። «ማንም ብዪ አላለሽም።»

ዙልሚራ የሳህኑን ቅላት እያየች ምራቋ ሞላ። ሁለት ሳምንት ተኩል በአፏ ያልዞረ ነገር ነው። ተቆጣጣሪው የለም ያለውን አመነችው፤ ሐኪሙ አላውቅም ያሉትንም አልረሳችም። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ማንኪያ ቀዳች። ማንኪያው ጥርሷን ሲነካ ቆም አለች፤ ከዚያ አፏን ከፈተች። ጎምዛዛው መጣ፣ ስኳሩ ተከተለው፣ ብርቱካኑ ከኋላ ደረሰ፤ አገጯ ተጨማደደ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጣፈጣት። መጣፈጡ ራሱ አስፈራት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም። ከዚያ ሌላ ማንኪያ ቀዳች። እማማ ቤንቪንዳ ትንፋሻቸውን ለቀቁና ተርኪው ቀዘቀዘ ብለው መቁረጥ ጀመሩ።

ልጅቷ በጥር መጨረሻ ተወለደች፤ ገና ሳትታጠብ ጮኸች። ፊሎሜና አሏት። ሐኪሙ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አገላብጠው አይተው ሙሉ ናት አሉ። ዙልሚራ ግን ልጅቷን ለብዙ ዓመት እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው የያዘቻት። ትንሽ ሙቀት ሲነካት፣ አፍንጫዋ ሲነስር፣ ጧት ከእንቅልፏ ስትዘገይ፣ እናቷ አጠገቧ ናት። ልጅቷም ደህና ናት።

ፊርሚኖ ያን ዱቄት ዳግም አልገዛም። በየጸደዩም፣ ማሳው ላይ አንዳች ነገር ከመርጨቱ በፊት፣ ጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ የወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆምና የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚረጭበትን ቀን ለዙልሚራ ይነግራታል። እሷ ሥራዋን ትታ ታዳምጠዋለች። አንዳንድ ጊዜ እሺ ትለዋለች። አንዳንድ ጊዜ አይሆንም ትላለች፤ ያን ጊዜ ሳይከራከር ይመለሳል።